ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከእንዝርት

ነፋስ መውጫ ኑሮዋን በስሟ ትናገራለች። የላይ ጋይንቷ ከተማ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ነፋስ ትቀበላለች። በዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ይበቅላል፤ ጥጥ ግን አይበቅልም። እንዲያም ሆኖ ማለዳ ወደ ገበያ የሚያቀናው ሰው ጥጥ ደርቦ ነው የሚወጣው፤ ወንዱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሴቷ ነጠላዋን ተከናንባ። ጥጡ የመጣው ከታች ነው። በአርብ ገበያ በኩል ወደ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወደ ስማዳ የወረደ መንገደኛ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እየተደረመሰ ሲሄድ ያያል፤ ብርዱ ይቀርና ወበቅ ይተካል። ለደጋው ሰው ጥጥ ሲያበቅልለት የኖረው እንዲህ ያለው ቆላ ነው።

በቆላው ጥጥና በደጋው ጋቢ መካከል አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ እንዝርት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሴት የለበሰችውን፣ ባሏን ያለበሰችውን፣ ልጇን ያቀፈችበትን፣ የሞተባትን የገነዘችበትን ክር ሁሉ ያወጣችው ከዚህ ዕቃ ነው።

በሌላው ዓለም የፈትል ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው መንኮራኩር ነው። በእጅ ወይም በእግር የሚዞር ትልቅ ጎማ በገመድ አማካይነት ትንሿን ዘንግ በፍጥነት ያሾራታል። በቻይናና በሕንድ፣ በፋርስና በዐረቡ ዓለም ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1237 ባግዳድ ውስጥ በተሣለ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት እንዲህ ያለ መንኮራኩር ይዛ ትታያለች። ብዙ ሳይቆይ አውሮፓ ደረሰ። እዚያም አናጢዎች እግሩን እየቀረጹ፣ ጎማውን እያስጌጡ የቤት ጌጥ አደረጉት። ኢትዮጵያ ከሕንድም ከዐረቡም ጋር በቀይ ባሕር ስትነግድ የኖረች አገር ናት። የሕንድ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ወደብ ይራገፍ እንደነበር በዚያው ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ንግድ መመሪያ ይመሰክራል። ጨርቁ ገባ፤ መንኮራኩሩ ግን ደጋው ውስጥ አልተለመደም። ፈታይዋ እንዝርቷን እንደያዘች ቀጠለች።

ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እንዝርቱን በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

እንዝርት ሁለት ነገር ነው፤ ቀጭን ዘንግና ዘንጉ የሚሰካበት ክብ ራስ። በዘንጉ ጫፍ ክሩ እንዳያመልጥ የሚይዝ መንጠቆ ወይም ትንሽ ጥርስ ይኖረዋል። ክቡ ራስ ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራል። ሥራው ክብደት መስጠት ብቻ ይመስላል፤ ጥበቡ ያለው ግን ክብደቱን በማከፋፈሉ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ጠርዙ ሲርቅ እንዝርቱ ዘለግ ላለ ጊዜ፣ ረጋ ብሎ ይሾራል። ወደ ዘንጉ ሲሰበሰብ ደግሞ በፍጥነት ይሾርና ቶሎ ይደክማል። ቀዳዳው ከመሐል ጥቂት እንኳ ከሸሸ እንዝርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡም ክሩ ላይ ይታያል፤ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ቀጭን ይሆናል። ዘንጉ ከጎበጠም እንደዚያው። ስለዚህ ጥሩ እንዝርት የሚሠራ ሰው በዐይኑና በጣቱ ብቻ መሐሉን ማግኘት ነበረበት፤ መለኪያው እዚያው አሹሮ ማየት ነው።

ሌላም አለ። የጥጥ ጭራ አጭር ነው፤ እንደ በግ ጠጉር ረዝሞ እርስ በርሱ አይተሳሰርም። ከባድ እንዝርት ከጥጥ ክር ጋር ሲንጠለጠል ክሩ ገና ሳይከር ይበጠሳል። በመሆኑም ጥጥ የሚፈተልበት እንዝርት ቀላል መሆን አለበት፤ በጣም ከቀለለ ደግሞ አይሾርም። በደጋው የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የሚያሠሩ ሰዎች ከዚህ የከበደ እንዝርት ቢይዙ አይጎዳቸውም። የጥጥ ፈታይ ግን በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ልክ ላይ ትሠራለች። ልኳን ያገኘችበትን እንዝርት በቀላሉ የማትለውጠውም ለዚህ ነው።

አፈታተሉ እንዲህ ነው። ፈታይዋ በግራ እጇ የተድቦለቦለውን ጥጥ፣ አመልማሎውን፣ ከፍ አድርጋ ትይዛለች። በቀኝ መዳፏ ዘንጉን ጭኗ ላይ ገፋ አድርጋ ታንከባልለዋለች፤ እንዝርቱ እየሾረ ይወርዳል። በወረደበት ቅጽበት ጣቶቿ ጥጡን ይስባሉ፤ ሽረቱ ወደ ላይ እየወጣ የተሳበውን ያከርረዋል። ክሩ ክንዷን ሲጨርስ ትቆማለች፤ ያወጣችውን ዘንጉ ላይ ትጠቀልላለች፤ እንደገና ትጀምራለች። አውሮፓውያን ይህችን ማቆም ለማስቀረት ብዙ ደክመዋል። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ ክር እያከረረ እዚያው የሚጠቀልል መሣሪያ ነድፎ ነበር፤ በእግር የሚረገጠው መንኮራኩር በየቤቱ ሲገባም ዋናው ጥቅሙ ያለ ማቋረጥ መፍተሉ ነው። የጋይንቷ ፈታይ ግን ባቆመች ቁጥር ክሯን ታያለች። ወፍራሙን በጣቷ ትለቅመዋለች፤ ቀጭኑን ትደርብበታለች። የእጅ ፈትል ልስላሴ ከዚህች ማቆም የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንኮራኩር ቤት ውስጥ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጨትና አናጢም ይጠይቃል። እንዝርት ሙዳይ ውስጥ ከአመልማሎው ጋር ይገባል። ቡናው እስኪፈላ ይፈተላል፤ ልጁ ጡት ጠብቶ እስኪተኛ ይፈተላል፤ ጎረቤት ዘንድ ለጨዋታ ሲኬድ ይያዛል። የደጋ ሴት ቀኗ በውኃ፣ በእንጨት፣ በወፍጮና በምድጃ የተቆራረጠ ነው፤ እንዝርት በቁርጥራጩ መካከል የሚገባ ዕቃ ነው። ለመንኮራኩር አለመግባት ሌላ ምክንያትም ሳይኖር አልቀረም። የፈታይዋ ሰዓት ዋጋ ተተምኖለት አያውቅም። ሰዓቱን ለማሳጠር ማንም ገንዘብ ሊያወጣ አልተነሳም።

ጥጥ እንዝርት ጋ ከመድረሱ በፊት በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ይዳመጣል። ጥጡ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደረግና የብረት ዘንግ በመዳፍ እየተገፋ ይንከባለልበታል፤ ጥጡ በዘንጉ ሥር ሲያልፍ ፍሬው ማለፍ አቅቶት ወደ ፊት ይፈናጠራል። ይህ መዳመጫ ዕድሜ ጠገብ ነው። በሕንድ አጃንታ ዋሻዎች ውስጥ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት በተሣሉ ሥዕሎች ላይ ሴቶች በዚሁ ዓይነት ዘንግና ድንጋይ ጥጥ ሲዳምጡ ይታያሉ። ቀጥሎ ይነደፋል። ደጋኑ ጥጡ ላይ ይዘረጋና ጅማቱ ይመታል፤ ድምፁ ከበገና የቀረበ ነው፤ ጥጡ እየተንሳፈፈ ተፍታቶ ባዘቶ ይሆናል። በአማርኛ እጅግ የነጣ ነገር ሁሉ «እንደ ባዘቶ» የሚባለው በዚህ ነው። በመጨረሻም ባዘቶው በመዳፍ ተድቦልቡሎ አመልማሎ ይሆናል። የተፈተለው ከእንዝርቱ ሲወጣ ልቃቂት ይባላል፤ ሸማኔ ዘንድ የሚሄደው ልቃቂቱ ነው።

የዚህ ሁሉ ዕድሜ ስንት ነው? በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስለ ዘመተበት ውጊያ ባስቀረጸው ጽሑፍ ወታደሮቹ የጠላትን የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፉ ይናገራል። ያ ጥጥ የናይል ሸለቆ ጥጥ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ የጥጥ ፍሬ ስለተገኘ፣ ደጋውም ቢሆን ከዚያን ዘመን ጀምሮ ከጥጥ ጋር ይተዋወቅ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ የንጉሡን ግብር ሲዘረዝር ሸማኔውን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ክርስቲያን ከሆነ አንድ ሸማ፣ ሙስሊም ከሆነ በገንዘብ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ የወረደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ አድዋ ላይ የሚሠራው የጥጥ ጨርቅ በአገሪቱ በብር ፋንታ እንደሚዘዋወር ጽፏል።

ጨርቅ ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡ የተሠራው ከምን ነው? ከፈታዮች ሰዓት። በእንግሊዝ አገር የፈትል ማሽን ሳይፈጠር አንድ ሸማኔን ሥራ ላለማስፈታት ከአራት የማያንሱ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር፤ በእንዝርት በሚፈተልበት አገር ከዚያ ይበልጥ ካልሆነ አያንስም። ሆኖም በአልሜዳ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የተጠራው ሸማኔው ብቻ ነው። ግብሩን ከፋዩ እሱ ነበርና። ከጀርባው ያሉት ሴቶች፣ የሸማውን አብዛኛውን ድካም የተሸከሙት፣ የሉም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉበትን የበጌምድርን የሸማ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ሁሉ ይህን ጉድለት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

አንዲት ፈታይ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ትታያለች። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መልአኩ ገብርኤል ወደ እመቤታችን የመጣው ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ ሐርና ወርቅ እየፈተለች ሳለች እንደሆነ ያስተምራል። ሠዓሊዎችም የብሥራቱን ሥዕል ሲሥሉ እንዝርቷን አይረሱም። ሠዓሊው የሚያውቀው የእናቱን እንዝርት ነው፤ የሣለውም ያንን ነው። ሥዕሉ ፊት የቆመች የእስቴ ሴት በእመቤታችን እጅ የምታየው የራሷን ዕቃ ነው። ይህ ለፈትል ሥራ የተሰጠ ትልቅ ክብር ነው፤ በምድር ላይ ያልተከፈላት ደመወዝ ጥቂት የተካሰላት በዚህ ይመስላል።

ፈትል ወደ ቤተ ክርስቲያን በሌላም መንገድ ይገባል። ጧፍ በሰም የተነከረ የጥጥ ክር ነው። በታች ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየአገሩ ዜማ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ምስክር ለመሆን ወደዚያ ይሄዳሉ። ጥንታዊው የድንጋይ ሕንፃዋ በክብ የሣር ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የቆየ ነው፤ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቶት ለውጭው ዓለም አስተዋውቆታል። ሌሊት ማኅሌት በሚቆምበት እንዲህ ባለ ደብር ስንት ክንድ ክር በጧፍ እንደነደደ ማን ይቆጥራል! ልጅ ሲጠመቅ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ማተብም ክር ነው። በአንጻሩ በከባድ በዓላት እንዝርት ይቀመጣል፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም በዋሉበት ቀን የሚፈትል እጅ ሐሜት ያተርፋል።

ቤተ መንግሥቱ ራሱ ለቤተ ክርስቲያን ያሠራው የሽመና ሥራ ከዚህ በጣም የራቀ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ከውጭ በመጣ ሐር የተሠሩ ግዙፍ መጋረጃዎች እስከ ዛሬ አሉ። ከ300 በላይ ትናንሽ ሰሌዳዎችን በእጅ እያዞሩ፣ ሥዕሉን በክሩ ውስጥ እያወጡ የሠሯቸው ናቸው። አንዱ ቶሮንቶ በሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም፣ ሌላው በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የብሪቲሽ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ነው። መቅደላ ከጋይንትና ከስማዳ ማዶ፣ በሽሎን ተሻግሮ ያለ አምባ ነው።

ወደ መንደሩ ሲመለሱ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ከሁለቱ ማንም የሌላውን አይነካም። ሸማኔው ከቤቱ ወለል ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራል። በበጌምድር ይህ ሙያ በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ነበር። መሬት የያዘው ገበሬ ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ ነበር፤ ይህ በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይም የደረሰ በደል ነው። ፈታይዋ ግን አልተናቀችም። ገበሬውም ካህኑም መኳንንቱም ሚስቶቻቸው ፈታይ ነበሩ፤ ፈትል የባለሙያ ሴት መለያ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ፈትላ ትሸጣለች። «እናቴ ጥጥ ፈትላ አሳደገችኝ» የሚል ሰው በዚህ አገር ብዙ ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ውስጡ ግን ዓመታት የፈጀ የሌሊት ሥራ አለ።

ሸማ ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። ድሩ ርዝመቱን ይሄዳል፤ ተወጥሮ ይታሰራል፤ በየውርወራው ይፋተጋል። ስለዚህ ክርር ማለት አለበት። ማጉ በአግድም ያልፋል፤ ብዙ አይጎተትም፤ ላላ ቢል አይጎዳውም፤ እንዲያውም የሸማው ልስላሴና ሙቀት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ልምድ ያላት ፈታይ ለድር ስትፈትል ሌላ፣ ለማግ ስትፈትል ሌላ እጅ አላት። በዚህች ልዩነት ላይ ነው የፈትል ታሪክ በዓለም ሁሉ የተገላበጠው።

በጀርመን አገር የሽፓየር ከተማ ሸማኔዎች ማኅበር በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ ያወጣው ደንብ አዲሱን መንኮራኩር በግማሽ ልብ ተቀብሎታል። በመንኮራኩር የተፈተለ ክር ለማግ ይሁን፤ ለድር ግን አይሁን፤ ድር የእንዝርት ክር ብቻ ይሁን ይላል። አዲሱ መሣሪያ ፈጣን ነበር፤ ክሩ ግን አይታመንም። ከ500 ዓመት ገደማ በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1764 እንግሊዛዊው ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ ክር በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ማሽን ሠራ፤ ክሩ ላላ ያለ ስለነበር ለማግ ብቻ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1769 ሪቻርድ አርክራይት በውኃ ኃይል የሚዞር የራሱን ማሽን አስመዘገበ፤ ክሩ ጠንካራ፣ ክርር ያለ፣ ለድር የሚሆን ነበር። ብሩስ ምጽዋ ላይ የወረደው በዚያው ዓመት ነው። ጨርቅ እንደ ገንዘብ የሚዘዋወርባትን አገር እያየ ሲጽፍ፣ ያንን ጨርቅ የሚያረክሰው ማሽን በእንግሊዝ መዞር ጀምሯል።

ማሽኑ ደጋው ለመድረስ ጊዜ ወስዷል። መጀመሪያ የመጣው ቀለም ነው። አገር ውስጥ የማይገኘውን ቀይና ሰማያዊ ክር ለማግኘት ሸማኔዎች ከሕንድ የመጣ ጨርቅ ገዝተው ይተረትሩት ነበር፤ የጥለቱ ክር ከዚያ ይወጣል። አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ክሩን ለማውጣት ማፍረስ ዛሬ እንግዳ ይመስላል፤ ያኔ ግን ቀለሙ የጨርቁን ዋጋ ያህል ይፈለግ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡጀዲ ገባ፤ መነሻው አሜሪካ የነበረ ያልነጣ የፋብሪካ ጨርቅ። ድሀው እጀ ጠባቡንና ሱሪውን ከአቡጀዲ ማሰፋት ጀመረ። ቀጥሎም የፋብሪካ ክር መጣ፤ ከውጭ፣ ኋላም ከአገር ውስጥ። ለጋይንትና ለእስቴ ቅርቡ ፋብሪካ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው፤ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ደግሞ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ክሩም ጨርቁም በመኪና ይመጣ ጀመር።

እዚህ ላይ ነው የአገሬው ሸማኔ የሽፓየርን ደንብ ሳያውቀው የገለበጠው። ጀርመኖቹ አዲሱን ክር ለማግ ፈቅደው ድሩን ለእንዝርት ጠበቁ። የበጌምድር ሸማኔ ደግሞ ድሩን ለፋብሪካ ሰጥቶ ማጉን ለእንዝርት አስቀረ። የፋብሪካ ድር አይበጠስም፤ እኩል ነው፤ ሥራ ያፋጥናል። ማጉ ግን ከፋብሪካ ከሆነ ጋቢው ይሳሳል፣ አይሞቅም፣ ሲታጠብም እንደ እጅ ፈትል አይሞላም። ለባሹም ይህን ያውቃል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ለነፋስ መውጫ ሌሊት የሚያስፈልገው ለሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ያለው በላላው ክር ውስጥ በተያዘው አየር ነው። ስለዚህ እንዝርት ከደጋው ያልጠፋው ሰው ለባህሉ ስላዘነለት ብቻ አይደለም። ማሽኑ የማይሰጠውን ነገር ስለሚሰጥ ነው።

ቢሆንም ዋጋው ተጎድቷል። ድር ይፈተልበት የነበረው ጥሩ እጅ ሥራ ፈታ፤ የተረፈው ማግ ነው፤ ለማግ ደግሞ የሚከፈለው ትንሽ ነው። ከዚያ ሰልባጁ መጣ። በየገበያው ምንጣፍ ላይ ተከምሮ የሚሸጠው የውጭ ልባሽ ልብስ ከአንድ ቀሚስ የፈትል ዋጋ በታች ይገዛል። ልጅ እንዝርት መማር ትታ ትምህርት ቤት ብትሄድ የሚቆጭ የለም፤ ሊቆጭም አይገባም። የሚያስቆጨው ሙያውን የያዙት እናቶች ያወቁትን ሳይጠየቁ ማለፋቸው ነው።

ከዚህ አገር የወጣ አንድ ሰው ግን የፈትልን ጥያቄ ማንም ባላሰበው በኩል አንስቷል። ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በእስቴ ነው። ገና በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውላ ማታ ደግሞ ብቻዋን የቤቱን ሥራ ስትሠራ አይተው ይህ ለምን ይሆናል ብለው እንደጠየቁ ይናገራሉ። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮች ጋር በፎገራ ወረዳ የአውራምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በማኅበረሰቡ ውስጥ ሥራ በጾታ አይከፈልም፤ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች፤ እሷ ታርሳለች፣ እሱ እንጀራ ይጋግራል። በአካባቢው ዘንድ ይህ ከሃይማኖት ነገር ባላነሰ አስቆጣ፤ ማኅበረሰቡ ተሳደደ፤ በደርግ ዘመን ቀዬውን ለቆ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰዶ ነበር።

ሲመለስ የጠበቀው መሬት 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ በእርሻ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ሸማ ዋና መተዳደሪያው ሆነ። እንግዳ ወደ አውራምባ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው የመሸመኛውን ድምፅ ነው። ስለ እኩልነት የሚነገረውን ሁሉ ትቶ ጭኑ ላይ እንዝርት እያንከባለለ የተቀመጠን ወንድ ማየት ብቻ ለጎንደር ሰው በቂ ንግግር ነው። በዒዛና ዘመን የነበረችው ፈታይ፣ የአልሜዳን ሸማኔ ያለበሰችው ፈታይ፣ በሥዕሉ ላይ ያለችውም እመቤት ሴቶች ነበሩ፤ ከእስቴ የወጣው ሰው እንዝርቱን ለወንድ ልጅ አስጨበጠ።

መንኮራኩሩስ? እሱም በመጨረሻ ገብቷል፤ የገባው ግን በሸማኔው በር ነው፤ ክር የሚያዳውረው በመንኮራኩር ነው። ልቃቂቱ ተፈትቶ ለመወርወሪያ በሚሆን ቀሰም ላይ ሲጠቀለል ማዳወሪያው ይዞራል፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን በመሰሉ የሸማኔ ሰፈሮች ከብስክሌት ጎማ የተሠራ ማዳወሪያ ማየት እንግዳ አይደለም። በሌላም አገር መንኮራኩር እንዝርትን ፈጽሞ አላስቀረም፤ ጋንዲ ሕንዳውያን የውጭ ጨርቅ ትተው ራሳቸው እንዲፈትሉ ሲቀሰቅስ በእስር ቤት ሆኖ በሣጥን የሚታጠፍ መንኮራኩር አስነድፏል። ከመንኮራኩሩ ጎን ግን ታክሊ የምትባል ትንሽ እንዝርትም ይዞ ነበር፤ ድሀው ያለ ምንም ወጪ የሚይዛት እሷ ናትና። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሳባሐር የተባለ ድርጅት በእጅ የተፈተለ ጥጥና ሐር እየሸመነ ለውጭ ገበያ ያቀርባል፤ እዚያ የእጅ ፈትል መሆኑ ራሱ ዋጋ ይጨምራል።

በገበያ ቀን በነፋስ መውጫ ወይም በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ጋቢ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ከመተመኑ በፊት ጫፉን ይይዛል። ከዘርፉ አንድ ክር ለይቶ በሁለት ጣቶቹ መካከል ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ክርር እንዳለ ይቀራል፤ ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ይህን ማንም አይደብቅም። ከዚያ ከጠርዙ በኩል ሌላ ክር በጥፍሩ ሳብ ያደርጋል። ያንንም ያዞረዋል። ክሩ በጣቶቹ መካከል ይላላል፣ ያብጣል፣ ተበትኖ ተመልሶ ባዘቶ ይሆናል። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።